ከኦቨርዶዝ የተረፈን ሰው ከሕክምና ጋር ለሚያገናኝ ቡድን የመንግሥት ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል? ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ያሉ የመረዳጃ ማኅበራትና ነን ፕሮፊቶች ይህን ገንዘብ ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ሐሳባቸው ስለማይረባ አይደለም። አንዱ ማመልከት የማይፈቀድለት ሆኖ ያመለክታል። ሌላው ምዝገባው ሳያልቅ ቀነ ገደቡ ይደርሳል። ሦስተኛው ደግሞ «ከሕክምና ጋር እናገናኛለን» ብሎ ይጽፋል፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ወስዶ እንደሚያገናኝ ግን አይጽፍም።

ሥራውን ለማያውቅ በአጭሩ፦ አንድ ሰው ፈንታኒል የተባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ ይወድቃል፤ ኦቨርዶዝ የሚባለው ይህ ነው። አምቡላንስ ደርሶ ናርካን በተባለው ማንቂያ መድኃኒት ይነቃል። ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ወይም ጭራሽ አልሄድም ብሎ፣ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ፓራሜዲክና ራሱ ከሱስ የወጣ አጋዥ በሩን ያንኳኳሉ። ሕክምና ከፈለገ ያኔውኑ ይዘውት ይሄዳሉ። ካልፈለገ ናርካን ሰጥተውት፣ ስልክ ትተውለት፣ ሌላ ቀን ይመለሳሉ።

ጥድፊያው ምክንያት አለው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ኦቨርዶዝ አድርገው ድንገተኛ ክፍል ታክመው ከወጡት 5.5 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ሞተዋል። ከሟቾቹ አምስት አንዱ ገና ወር አልሞላውም ነበር። ማመልከቻችሁ ላይ ይህን አንድ ቁጥር ካስገባችሁ ስለ ችግሩ ክብደት ሌላ ገጽ መጨመር አያስፈልግም። ገጹን ለአሠራሩ ቆጥቡት።

ደረጃ 1፦ አመልካቹ ማን እንደሆነ ወስኑ

ከምንም በፊት ይህን ጨርሱ። ለዚህ ሥራ የታወቁት ሁለቱ የፌዴራል ግራንቶች ኮሰፕ እና ኤፍ አር ካራ ናቸው። ኮሰፕን የሚሰጠው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ቢ ጄ ኤ ነው፤ ኤፍ አር ካራን ደግሞ በጤና ሚኒስቴር ሥር ያለው ሳምሳ። የሁለቱም መነሻ በ2016 የወጣው ካራ የተባለው ሕግ ነው። ቡድን የሚያቋቁመውን ገንዘብ የሚሰጡት በዋናነት ለስቴት፣ ለካውንቲ፣ ለከተማና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መስተዳድር ነው። ማኅበራችሁ ብቻውን ቢያመለክት ማንም ሳያነበው ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ዋና አመልካች ለመሆን አትሞክሩ። ንዑስ ተቀባይ ሁኑ። ካውንቲው ወይም የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ያመለክታል፤ የእናንተ ሥራ፣ ደመወዝና ኃላፊነት በበጀቱ ውስጥ በስም ይጻፋል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ወደ ካውንቲው ጤና ቢሮ ደውሉና ከኦቨርዶዝ በኋላ ቤት ለቤት የሚሄድ ቡድን እንዳለ ጠይቁ። ካለ አዲስ አትፍጠሩ፤ እሱ ውስጥ ግቡ።
2. ከሌለ፣ የአምቡላንስ አገልግሎቱን የሕክምና ዳይሬክተር ፈልጉ። ለአለቃው ከመጻፍ ለእሱ መጻፍ ይሻላል። የፓራሜዲኮቹን አሠራር የሚፈርመው እሱ ነው።
3. ስትሄዱ አንድ ገጽ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። እነሱ የሌላቸውን ምን ታመጣላችሁ? አማርኛ ተናጋሪ አጋዥ? ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ሰው? ያንን ጻፉ።

ቢሮው «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እንደዋወላለን» ካላችሁ ነገሩ አልሆነም ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በቀን የተቆረጠ ስብሰባ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ወደ ከተማው ወይም ወደ አጎራባች ካውንቲ ዙሩ።

ደረጃ 2፦ የገንዘቡን ምንጭ ምረጡ

ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ፌዴራል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የካሳውን ገንዘብ እዩ እላለሁ፤ ኦፒዮይድ (ፈንታኒልን የመሰሉ ሱስ አስያዥ ማስታገሻዎች) ላደረሰው ጉዳት የተከሰሱ ኩባንያዎች የሚከፍሉትን።

በ2021 ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን እና ሦስቱ ትልልቅ የመድኃኒት አከፋፋዮች፣ ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝ እና አሜሪሶርስበርገን፣ እስከ 26 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የአከፋፋዮቹ ክፍያ በ18 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። በስምምነቱ መሠረት ቢያንስ 85 በመቶው የኦፒዮይድን ጉዳት ለማከም መዋል አለበት። ገንዘቡ የሚውልበት ዝርዝር «አባሪ ኢ» ይባላል። ከኦቨርዶዝ የተረፈን ሰው ከሕክምና ጋር ማገናኘት እዚያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። አውርዱት። ጥያቄያችሁ ላይ የሚመለከታችሁን አንቀጽ ቃል በቃል ጥቀሱ። የካውንቲው ጠበቃ የሚፈልገው ያንን ነው።

ገንዘቡን የሚያዝዘው አካል በየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ የኦፒዮይድ ካሳ ፈንድ አለው። ቨርጂኒያ በ2021 ያቋቋመው የኦፒዮይድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አለ፤ ከተሞችና ካውንቲዎች ተባብረው እዚያ ይጠይቃሉ። ከዚያ ሌላ ካውንቲዎቹ በቀጥታ የሚደርሳቸው ድርሻ አለ። በእነዚህ ሁለት ስቴቶች የካውንቲ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ሜይ ላይ ብትሄዱ በጀቱ ተቆርጦ አልቋል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ሂዱ።

የፌዴራሉ ግራንት ትልቅ ነው፣ ግን አይታመንም። ጥሪው አንድ ዓመት ይወጣል፣ በሌላው ይዘገያል። በኤፕሪል 2025 የፍትሕ ሚኒስቴር በመቶዎች የሚቆጠሩ ግራንቶችን ሥራ ላይ እያሉ አቋርጧል። የሁሉንም ሰው ደመወዝ በአንድ የፌዴራል ግራንት ላይ አታንጠልጥሉ። አጋዦቹን በካሳው ገንዘብ፣ ሥልጠናውንና ዳታውን በፌዴራሉ ብታደርጉት አንዱ ሲቋረጥ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ይቀራል።

ሌላም አለ፦ ስቴቶች ከሳምሳ የሚቀበሉት ኤስ ኦ አር የተባለው የኦፒዮይድ ገንዘብ፣ እና ሲ ዲ ሲ የተባለው የፌዴራል የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለጤና ቢሮዎች የሚሰጠው። ሁለቱንም የምታገኙት በስቴቱ ወይም በካውንቲው በኩል ነው።

ደረጃ 3፦ ምዝገባውን ዛሬ ጀምሩ

ነገ አይደለም። የፌዴራል ገንዘብ የሚነካ ሁሉ ዩ ኢ አይ የተባለ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። የሚገኘው ሳም ዶት ገቭ ላይ ነው፤ በነፃ። «እኛ እናስመዘግባችኋለን፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሰርዙት።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር፦ ንዑስ ተቀባይ ዩ ኢ አይ ብቻ ይበቃዋል። ሙሉውን ምዝገባ የሚፈልገው ዋናው አመልካች ነው። ይህን ማወቅ የሳምንታት ሥራ ይቀንሳል። ሙሉ ምዝገባ ያለው ደግሞ በየዓመቱ ማደስ አለበት። ቀነ ገደቡ ሳምንት ሲቀረው ምዝገባው ጊዜው እንዳለፈበት የሚያውቅ ካውንቲ ሞልቷል፤ የአጋራችሁንም አረጋግጡ።

የእኛ ማኅበራት የሚሰናከሉት ስም ላይ ነው። «ማኅበር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል የታክስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ጽፎታል፣ የባንክ ሒሳቡ ሌላ፣ የስቴቱ ምዝገባ ደግሞ ሌላ። ለእኛ ያው ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ድርጅት ነው። አድራሻውም እንዲሁ፤ የድሮው ሊቀመንበር ቤት ላይ የተመዘገበ ማኅበር ስንት አለ!

ምዝገባው ውድቅ ከሆነ፦

- አዲስ ምዝገባ አትክፈቱ። ሁለት መዝገብ ሲኖር ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል።
- ስምና አድራሻ አብረው የሚታዩበትን ሕጋዊ ሰነድ ላኩ፤ የመመሥረቻ ጽሑፍ ወይም የባንክ መግለጫ።
- ሰነዶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ መጀመሪያ የስቴቱን ምዝገባ አስተካክሉ። ባንኩንና ሌላውን በእሱ ልክ አስተካክሉ።

ደረጃ 4፦ ሦስቱን ስምምነቶች አስፈርሙ

የድጋፍ ደብዳቤ አትሰብስቡ። «ይህን የተቀደሰ ዓላማ እንደግፋለን» የሚል አሥር ደብዳቤ ነጥብ አያመጣም። የሚያስፈልጉት ሦስት የተፈረሙ ወረቀቶች ናቸው።

አንደኛ፣ የሕክምና ቦታ። ክሊኒኩ የሱስ ማከሚያ መድኃኒቶቹን፣ ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያስጀምር፣ በሳምንት ስንት ቦታ እንደሚይዝላችሁ፣ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው እንዴት እንደሚቀበል ይጻፍ። ሐኪማቸው «ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ የለኝም» ካለ መረጃው አርጅቷል። ያ ልዩ ፈቃድ በዲሴምበር 2022 በሕግ ቀርቷል። ዲ ኢ ኤ በተባለው የፌዴራል የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዘንድ ተመዝግቦ የዚህ ደረጃ መድኃኒቶችን ማዘዝ የሚችል ባለሙያ፣ የስቴቱ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ፣ ያዛል። ኒው ጀርሲ እንዲያውም ከ2019 ጀምሮ ፓራሜዲኮች ቡፕረኖርፊን እዚያው ቦታው ላይ እንዲሰጡ ፈቅዷል። የእናንተ ስቴት ምን እንደሚል የሕክምና ዳይሬክተሩን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የመረጃ ልውውጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መረጃው ሁለት መንገድ አለው፤ መሄጃና መመለሻ። ከአምቡላንስ ወደ ቡድኑ የሚሄደው ስምና አድራሻ ሂፓ በተባለው የሕክምና ምስጢር ሕግ የሚገዛ ነው፤ ለሕክምና ዓላማ ማስተላለፍ ይቻላል፣ ግን የተጻፈ ስምምነት ይኑረው። ከሱስ ሕክምና ክሊኒኩ ወደ ቡድኑ የሚመለሰው «መጥቷል፣ ሕክምና ጀምሯል» የሚል ቃል ግን 42 ሲ ኤፍ አር ፓርት 2 በተባለው የሱስ ሕክምና ምስጢር ደንብ የሚገዛ ነው። ያ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ሰውዬው በጽሑፍ ካልፈቀደ ክሊኒኩ ለእናንተ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ የፈቃድ ቅጹ ከቡድኑ ቦርሳ አይለይ። ሰውዬው እሺ ባለበት ደቂቃ ይፈርም። ቅጹ የሌለው ቡድን በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሰው እንዳሳከመ ማሳየት አይችልም፤ ሁለተኛ ዓመት ገንዘብም አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ከፖሊስ ጋር። ፖሊስ በቡድኑ ውስጥ ካለ በጉብኝቱ ወቅት የእስር ማዘዣ እንደማይፈትሽና እንደማያስር ይፈርም። የኢሚግሬሽን ሁኔታ ማንም እንደማይጠይቅ አብሮ ይጻፍ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው በዚህ ቡድን ምክንያት ቢታሰር ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ የሚከፈት በር የለም።

ደረጃ 5፦ 72 ሰዓቱን በሰዓት ጻፉ

ገምጋሚው በጥንቃቄ የሚያነበው ክፍል ይህ ነው። ደካማው አጻጻፍ እንዲህ ነው፦ «ተጠቃሚዎችን ከተገቢው አገልግሎት ጋር እናገናኛለን።» ይህ ምንም አይልም። እንዲህ ጻፉት፦ «የአምቡላንሱ ሪፖርት ጠዋት በ3 ሰዓት ይደርሳል። አስተባባሪዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉብኝት ትመድባለች። የመጀመሪያው ጉብኝት በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረጋል። ሰው ከሌለ ሁለተኛው በ48፣ ሦስተኛው በ72 ሰዓት። እሺ ካለ አጋዡ በመኪና ይዞት ይሄዳል፤ ክሊኒኩ እስኪቀበለው አብሮት ይቀመጣል።» ኢትዮጵያዊ ሰዓት ለእናንተ ለረቂቁ ነው እንጂ ማመልከቻው ላይ 9 ኤ ኤም ብላችሁ ጻፉ።

ከዚያ በሩ ላይ የሚሆነውን አሠልጥኑ፣ በጽሑፍም አስቀምጡ። ሐበሻ ቤት ከሆነ የሚከተለውን ጨምሩ፤ ሌላ አመልካች አይጽፈውም።

- በእሳት አደጋ መኪና አትሂዱ። መለያ በሌለው መኪና፣ ተራ ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ። ፎቅ ሙሉ ሐበሻ የሚኖርበት አፓርታማ ላይ ቀይ መኪና ሲቆም መጋረጃ ሁሉ ይገለጣል።
- በሩን ሌላ ሰው ከከፈተ የመጣችሁበትን ምክንያት አትናገሩ። «ጤና ይስጥልኝ፤ እገሌን ፈልገን ነበር» ብቻ። ቤዝመንት የተከራየ ወጣት ከሆነ የቤቱ ባለቤት ምንም ላያውቅ ይችላል።
- እናት ከከፈቱ «ግቡ እንጂ፣ እንግዳ በር ላይ ይቆማል?» ማለታቸው አይቀርም። ሳሎን ከተቀመጣችሁ ነገሩ አለቀ። ቡናው ይፈላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ልጁ ቃል አይተነፍስም። «እማማ፣ ይቆዩን፤ ለአፍታ ውጭ ላናግረው» በሉና ከልጁ ጋር ወጣ በሉ።
- ካርድ የምትተዉ ከሆነ ስምና ስልክ ብቻ ይኑረው። «ሱስ» ወይም «ኦቨርዶዝ» የሚል ቃል አይጻፍበት።
- ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአንድ ደብር ሰውንም አታድርጉ። ሐሜት መፍራት ሰውን ከሕክምና ያስቀራል። ሌላ ስቴት ያለ የስልክ አስተርጓሚ ይሻላል። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ እዚያ ከሆናችሁ ይህን በማመልከቻው ጥቀሱ።

እምቢ ቢልም ናርካኑን ስጡ፤ አብሮት ለሚኖር ሰው አጠቃቀሙን ማሳየት የሚቻለው ግን ሰውዬው ከፈቀደ ብቻ ነው። የናርካን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ፈንታኒሉ ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል ሰውዬው ቢነቃም 911 እንዲደወል ንገሯቸው።

ደረጃ 6፦ በጀቱን ሥሩ

ትልቁ ወጪ ሰው ነው። አንድ አጋዥ አይበቃም። ይታመማል፣ ያርፋል፣ ራሱም ከሱስ የወጣ ስለሆነ እረፍት ያስፈልገዋል። ሁለት ቅጠሩ፤ አንዱ ቅዳሜና እሁድን ይሸፍን። ከእነሱ ሌላ አስተባባሪ፣ ስልክ፣ የመኪና ወጪ፣ ወደ ክሊኒክ ማጓጓዣ፣ አስተርጓሚ፣ ዳታ የሚመዘግብ ሰው አስገቡ። ናርካን ከጤና ቢሮው በነፃ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ሳትጠይቁ ብዙ ገንዘብ አትመድቡለት።

የተለየ የተደራደራችሁበት መጠን ከሌላችሁ ለቢሮ ኪራይና ለሒሳብ ሥራ መደበኛውን የአስተዳደር ወጪ ጠይቁ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። የድሮውን ቅጽ ገልብጦ 10 የሚጽፍ ሰው የራሱን ገንዘብ ይተዋል።

መበላሸት የሚጀምረው እዚህ ነው፦ ምግብና መጠጥ። «ሰው የምንሰበስበው በቡና ነው» ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። በፍትሕ ሚኒስቴር ግራንት ግን ምግብና መጠጥ በአብዛኛው አይፈቀድም። ቡናውን ከማኅበሩ ካዝና አፍሉ። ካውንቲው ድሮ በራሱ በጀት ይከፍለው የነበረውን ደመወዝም በፌዴራል ገንዘብ መተካት ክልክል ነው። አዲስ ሥራ መሆኑን አሳዩ።

የውጤት ቁጥሮቹን ከበጀቱ ጋር አስተሳስሩ። አምስት ነገር ቁጠሩ፦ ሪፖርት የደረሳችሁ ሰው፣ በአካል ያገኛችሁት፣ ለመነጋገር እሺ ያለው፣ የመጀመሪያ ቀጠሮው ላይ የተገኘው፣ በ30 ቀኑ ሕክምና ላይ ያለው። ቁጥሩ በየደረጃው ይቀንሳል፤ ያ የተለመደ ነው። «ከመቶ ሰማንያውን እናሳክማለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ሥራውን የሚያውቅ ገምጋሚ አያምናችሁም።

ደረጃ 7፦ አስገቡ

የቢ ጄ ኤ ግራንት ሁለት ቀነ ገደብ አለው። መጀመሪያ ኤስ ኤፍ 424 የተባለው ቅጽ ግራንትስ ዶት ገቭ ላይ ይገባል። ሙሉው ማመልከቻ ደግሞ በኋላ ጀስት ግራንትስ በተባለው የፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ። የመጀመሪያው ያመለጠው ሰው ሁለተኛውን አይደርስበትም።

ከቀነ ገደቡ 72 ሰዓት አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ስህተት ቢኖር ማረሚያ ጊዜ ይኖራችኋል። ሰዓቱንም በደንብ አንብቡ፤ ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት አይደለም፣ የሚቆጠረውም በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ነው።

ሲስተሙ እምቢ ካለ ወዲያው ለእርዳታ መስመሩ ደውሉና የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉ። የስክሪኑን ፎቶ አንሡ። ያለ ጉዳይ ቁጥር «ሲስተሙ አስቸግሮን ነው» የሚል ማስረጃ የላችሁም። ለማራዘሚያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ያለው 24 ሰዓት ብቻ ነው።

ውድቅ ከሆነ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ጠይቁ። እሱን ይዛችሁ ያንኑ ሰነድ ለካሳው ገንዘብ አዘጋጁት።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ

ደስታው ልክ ነው፣ ግን ብሩ ገና አልመጣም። ንዑስ ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ አውጥቶ ነው የሚከፈለው። ሁለት ወይም ሦስት ወር ደመወዝ ከራሳችሁ መክፈል ካልቻላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ቅድመ ክፍያ ጠይቁ። ከተፈረመ በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው።

የሥራ ሰዓት በየቀኑ ይመዝገብ። በሁለት ግራንት የሚከፈለው አጋዥ ሰዓቱን ለሁለቱ ከፍሎ ይጻፍ። የወር መጨረሻ ላይ በግምት የተሞላ ወረቀት በኦዲት ጊዜ ገንዘብ ያስመልሳል።

«ግራንቱ ተቋርጧል» የሚል ኢሜይል ከመጣ በዚያው ቀን አዲስ ወጪ አቁሙ። እስከዚያ ቀን ያለውን ደረሰኝ ሁሉ ለካውንቲው ላኩ፣ የይግባኙን ቀነ ገደብ ከደብዳቤው ላይ አንብቡ። ከዚያ የያዛችኋቸውን ሰዎች ዝርዝር አውጡና ለእያንዳንዱ በስልክ ንገሩት፤ ነገ ማን ወደ ክሊኒክ እንደሚያደርሰው፣ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደቀረው፣ ከዛሬ በኋላ በየትኛው ቁጥር እንደሚደውል።